ዴኒስ ሪቺ፤ ሥራው ሲቃና ዝም ያለ ሰው

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ፥ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ደባርቅ ይደርሳል። ባለፈው ዓመት ለሥራ ጉዳይ ወደዚያ ሄደን ሳለ በአንድ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ያየነው ነገር የዛሬውን ጽሑፋችንን ለማሰናዳት ምክንያት ሆኖናል። ከደጋው ቀበሌዎች ሌሊት ተነሥተው፥ ጋቢያቸውን ተከናንበው በእግራቸው የመጡ ባለጉዳዮች በረንዳው ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ጸሐፊው ብቅ እያለ ሲስተም ስለሌለ ነገ እንዲመለሱ ይነግራቸዋል። ነገ የሚለው ቃል ለከተማ ሰው ቀላል ነው። የአራት ሰዓት መንገድ ለተጓዘ ገበሬ ግን ሌላ የሥራ ቀን ማጣትና ሌላ ማደሪያ መፈለግ ማለት ነው።

ወደ ውስጥ ገብተን ነገሩን ስንጠይቅ ጎረቤት ያሉት ክፍሎች ኔትወርክ አላቸው፤ ገመዱም ደኅና ነው። የታመመው ሊነክስ የተጫነበት አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ብቻ ነበር። ማሽኑ ወደ ጎንደር ተልኮ እንዲጠገን ደብዳቤ ተጽፎ ፊርማ ይጠባበቃል። እኛም በዩኒቨርሲቲ የተማርናትን ጥቂት ነገር ተማምነን በጥቁሩ መስኮት ፊት ተቀመጥን፤ ትእዛዝ በጽሑፍ ብቻ በሚሰጥበት በዚያ መስኮት ማለታችን ነው።

በመጀመሪያ በማሽኑ ውስጥ ያሉትን ካርዶች የሚዘረዝረውን ኤልኤስፒሲአይ የተባለውን ትእዛዝ ጻፍን። የኔትወርኩ ካርድ በዝርዝሩ ውስጥ ተገኘ፤ ካርዱ አልሞተም ማለት ነው። ቀጥለን አይፒ ሊንክ ብለን ብንጽፍ፥ ማሽኑ ከራሱ ጋር ብቻ የሚነጋገርበትን መስመር እንጂ የካርዱን ስም አላሳየንም። ካርዱ ኖሮ ስሙ ሲታጣ የጐደለው ድራይቨር የሚባለው አስተርጓሚ ነው።

የጎንደርን ቤተ መንግሥት ታሪክ ያነበበ ሰው ቃለ ዐፄ የሚባለውን ሹመት ያስታውሳል። ንጉሡ ለመጣው ሰው ሁሉ በአፋቸው አይናገሩም ነበርና ቃላቸውን የሚያደርስ ሹም ነበራቸው። በኮምፒዩተርም ውስጥ ከርነል የተባለው ዋናው ገዢ ፕሮግራም ከየፋብሪካው የሚመጡትን ካርዶች ጠባይና ቋንቋ በራሱ አያውቅም፤ ለእያንዳንዱ ዓይነት ካርድ የተጻፈ ድራይቨር በመካከል ቆሞ የአንዱን ቃል ለሌላው ያደርሳል። በደባርቁ ማሽን ላይ ቃለ ዐፄው ከነሕይወቱ በማኅደር ተቀምጦ ነበር። ከዚህ በፊት ማሽኑን የነካካ ሰው የድራይቨሩን ስም እንዳይጠሩ በተከለከሉት ተራ ውስጥ ጽፎት ኖሯል።

ሞድፕሮብ በተባለው ትእዛዝ ድራይቨሩን በስሙ ጠርተን ጫንነው። ከዚያም በአይፒ ትእዛዝ መስመሩን አስነሣን፤ አድራሻውን ሰጠነው፤ ወደ ውጭ የሚወጣበትንም በር አመለከትነው። እንደዚህ በአፍ የታዘዘ ነገር ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ስለሚጠፋ፥ ክልከላውን ከመዝገቡ ፍቀን አድራሻውን በቋሚው መዝገብ ላይ ጻፍን። ይህ ሁሉ ሲፈጸም ማሽኑ አንዲት ቃል እንኳ አልመለሰልንም። ጸሐፊው ዝምታውን አይቶ ሥራው የከሸፈ መስሎት ነበር። ዩኒክስ በተባለው ሥርዐትና እሱን መስለው በተሠሩት ዘንድ ግን ልማዱ እንዲህ ነው፤ ስሕተት ሲኖር ይነገራል፥ ሥራው ሲቃና ዝም ይባላል። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ የባለጉዳዮቹ ስም በየተራ ይጠራ ጀመር።

እንግዲህ ይህን ልማድ፥ ድራይቨሩም የተጻፈበትን ቋንቋ ለዓለም የሰጠ ማን ነው? ዴኒስ ሪቺ ይባላል። የሕይወቱን ታሪክ በአጭሩ እናቀርባለን፤ ዘመኑን የምንቈጥረው በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ዴኒስ ሪቺ በኒው ዮርክ አጠገብ ብሮንክስቪል በምትባል ስፍራ በመስከረም 9 ቀን 1941 ተወለደ፤ በኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 4 ቀን 1933 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ጊዜው ለጎንደር የጭንቅ ጊዜ ነበር። አዲስ አበባ ነጻ ከወጣች ወራት ቢያልፉም የኢጣሊያ ጦር ጎንደርን ይዞ የተሸነፈው በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ነው። የሪቺ አባት አሊስቴር ሪቺ በታወቀው የቤል ላቦራቶሪ የሚሠራና ስለ ስልክ መቀያየሪያ መሣሪያዎች ከባልደረቦቹ ጋር መጽሐፍ የጻፈ ሳይንቲስት ነበር። ልጁ መስመርን ከመስመር ስለማገናኘት የሚወራውን ከቤቱ ሰምቶ አደገ ለማለት ይቻላል።

በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተምሮ በ1963 ከተመረቀ በኋላ እዚያው በሒሳብ ለዶክተርነት መዘጋጀት ጀመረ። የምርምር ጽሑፉንም በ1968 ጨረሰ። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲው እንደ ደንቡ የሚጠይቀውን የተጠረዘ ቅጂ ለቤተ መጻሕፍቱ ሳያስረክብ ቀረ፤ ስለዚህ ዶክተር ሳይባል ኖሮ ሞተ። በጎንደር በአታ አቋቋም ያጠና ደብተራ ዜማውን ሁሉ ፈጽሞ ሳለ ሳይመሰከርለት ወደ አገሩ ቢመለስ ወገኖቹ እንደሚያዝኑለት፥ ለሪቺም ያዘኑለት አልታጡም። እሱ ግን ስለ ማዕረጉ የደከመ አይመስልም። ተማሪዎች ቅጂ ሳያስረክቡ ይቅሩ ማለታችን አይደለም፤ ዕውቀትና የምስክር ወረቀት ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ለማስታወስ ያህል ነው።

በ1967 አባቱ በነበረበት በቤል ላቦራቶሪ ተቀጠረ። ላቦራቶሪው በዚያን ጊዜ ከኤም.አይ.ቲ.ና ከጄኔራል ኤሌክትሪክ ጋር ሆኖ መልቲክስ የተባለ ታላቅ ሥርዐት ያሠራ ነበር። ሥራው እየከበደ፥ ወጪው እየበዛ ስለ ሄደ ላቦራቶሪው በ1969 ከውጥኑ ወጣ። ሪቺና ጓደኛው ኬን ቶምፕሰን የሚሠሩበት ምቹ ማሽን አጡ። ቶምፕሰን በአንድ ጥግ ብዙ ሰው የማይፈልገው ፒዲፒ 7 የተባለ አነስተኛ ኮምፒዩተር አግኝቶ፥ በዚያው ዓመት በበጋ ወራት የአዲሱን ሥርዐት መጀመሪያ ጻፈበት። በኋላ ዩኒክስ የተባለው ይህ ነው።

የተሻለ ማሽን ለመግዛት 65 ሺህ ዶላር ያህል ያስፈልግ ነበር። የላቦራቶሪው አለቆች ደግሞ በመልቲክስ ተቃጥለው ስለ ነበር ስለ አዲስ ሥርዐት መስማት አልፈለጉም። ወጣቶቹ ግን አልተጣሉም፤ አቤቱታም አላበዙም። ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤና ሰነድ የሚያሰናዳ መሣሪያ እንሠራለን ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ማሽኑ ተገዛ፤ ዩኒክስም በ1971 የፈጠራ መብት ማመልከቻ ለሚጽፉት የላቦራቶሪው ታይፒስቶች አገልግሎት መስጠት ጀመረ። ዛሬ ዓለምን የያዘው ሥርዐት ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞቹ መካከል የጽሕፈት ሠራተኞች እንደ ነበሩ ወጣት ሹማምንት ቢያስታውሱት መልካም ነው።

በዚያን ዘመን እንዲህ ያለው ፕሮግራም በአብዛኛው የሚጻፈው በማሽኑ በራሱ ቋንቋ ነበር፤ ማሽኑ ሲለወጥ ሥራው ሁሉ እንደገና ከመሠረቱ ይጀመራል። ሪቺ ከ1971 እስከ 1973 ባለው ጊዜ፥ ቶምፕሰን ቢ ብሎ ከሰየመው ቋንቋ ተነሥቶ ሲ የተባለውን ቋንቋ ሠራ። ሲ ለሰው ልጅ ለማንበብ የሚቀል ሆኖ ሳለ ወደ ማሽኑ አንጀት ዘልቆ ይገባል። በ1973 የዩኒክስ ከርነል በሲ ተጻፈ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሪቺና ስቲቭ ጆንሰን ዩኒክስን ጠባዩ ፈጽሞ ልዩ ወደ ሆነ ማሽን አሻገሩት። ይህም አንድ ጊዜ የተጻፈ ሥራ ከማሽን ወደ ማሽን ሊፈልስ እንደሚችል አስረዳ። በደባርቁ ማሽን ላይ ያስነሣነው ድራይቨርም የተጻፈው በዚሁ በሲ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ሐሳብ መሣሪያዎችን የሚመለከት ነው። በዩኒክስ ዘንድ ዲስኩም፥ የጽሑፍ መኪናውም፥ ማተሚያውም እንደ ፋይል ይቈጠራሉ። ፕሮግራሙ ከፋይል እንደሚያነብ ከመሣሪያው ያነባል፤ በፋይል ላይ እንደሚጽፍም ይጽፍበታል። የየመሣሪያውን ልዩ ጠባይ የሚሸከመው ድራይቨሩ ብቻ ነው። ይህ ሐሳብ የብዙ ፕሮግራም ጸሐፊዎችን ድካም አቃለለ።

ይሁን እንጂ የኔትወርክ ካርድ ለዚህ ሐሳብ አልመች አለ። ዲስክ ሲጠይቁት ይመልሳል፤ ኔትወርክ ግን ሳይጠራ ይመጣል፥ ከብዙ ስፍራ የሚመጣው ቃልም ይደባለቃል። በካሊፎርኒያ የበርክሌ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ1983 ባወጡት ዩኒክስ ሶኬት የተባለ ሌላ መንገድ አበጁ፤ አድራሻ መስጫውን ኢፍኮንፊግ የተባለ ትእዛዝም ጨመሩ። ሽማግሌ የኮምፒዩተር ሠራተኞች ዛሬም በእጃቸው የለመዱት ይህ ነው፤ በሊነክስ ላይ አሁን በአይፒ ትእዛዝ እየተተካ ሄዷል። ሪቺ ደግሞ በ1984 ስትሪምስ የተባለ ዘዴ ለዓለም ገለጸ። በዚህ ዘዴ በተጠቃሚውና በድራይቨሩ መካከል ቃሉን የሚያሰናዱ ክፍሎች እንደ ሸክላ ድርድር አንዱ በሌላው ላይ ይጨመራሉ፤ ሲያስፈልግም ይነሣሉ። በኋላም እሱ ይመራው በነበረው ክፍል ፕላን 9 የተባለ ሥርዐት ሲሠራ ኔትወርኩ ተመልሶ እንደ ፋይል ሆነ። ዓለም ግን አብዛኛውን የተከተለው የበርክሌን መንገድ ነው። አንድ ታላቅ ሰው የጀመረው ሐሳብ ሁልጊዜ በእሱ መንገድ አያልቅም።

ከቋንቋውና ከሥርዐቱ ይልቅ የሪቺን ጠባይ የሚያሳየን የዩኒክስ መመሪያ መጽሐፍ ነው። የመጀመሪያው እትም በኅዳር 3 ቀን 1971 ሲወጣ፥ ለየትእዛዙ በተሰጠው ገጽ ላይ ሠሪዎቹ ገና ያላቃኑትን ጕድለት በግልጽ የሚናዘዙበት ክፍል ተደረገበት። ሥራውን ሠርቶ ጕድለቱን በራሱ እጅ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት ስንት አለ? በ1978 ከብራያን ከርኒሃን ጋር የጻፈው የሲ ቋንቋ መጽሐፍም ቃሉ አጭር፥ ምሳሌው የተመረጠ በመሆኑ የፕሮግራም ተማሪዎች መማሪያ ሆኖ ይኖራል።

የላቦራቶሪው ባለቤት የሆነው የስልክ ኩባንያ ከስልክ ውጭ እንዳይነግድ በ1956 በሕግ ተወስኖበት ስለ ነበር ዩኒክስን ለዩኒቨርሲቲዎች በጥቂት ዋጋ ይሰጥ ነበር። ተማሪዎች የሥርዐቱን አንጀት እያነበቡ ተማሩበት። በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ የዩኒክስን ምሳሌ ተከትሎ ሊነክስን በሲ መጻፍ ጀመረ፤ እሱም እስከ ደባርቅ ደረሰ። በኪሳችን የምንይዘው የአንድሮይድ ስልክ ከርነሉ ሊነክስ ነው፤ የአፕል ስልክም ሥሩ ከዩኒክስ ዘር ይመዘዛል።

ሽልማት አላጣም። በ1983 ከቶምፕሰን ጋር የቱሪንግን ሽልማት ተቀበለ፤ በ1999 የአሜሪካን የቴክኖሎጂ ሜዳይ ከፕሬዚዳንት ክሊንተን እጅ ወሰደ፤ በ2011 የጃፓን ሽልማት ተሰጠው። ቢሆንም በ2007 ጡረታ እስከ ወጣ ድረስ በዚያው በአንድ ላቦራቶሪ ቈይቶ፥ ሦስት የስሙን ፊደላት ብቻ እየፈረመ ሠራ። ለብዙ ጊዜ ታሞ ከቈየ በኋላ፥ ብቻውን ይኖርበት በነበረው በኒው ጀርሲ ቤቱ በጥቅምት 12 ቀን 2011 ሞቶ ተገኘ። ዕድሜው 70 ነበር። ከአንድ ሳምንት በፊት የአፕል መሥራች ስቲቭ ጆብስ ስለ ሞተ የዓለም ጋዜጦች በሱ ሐዘን ተሞልተው ነበር። የሪቺ ሞት የተሰማው ሥራውን በሚያውቁት ዘንድ እንጂ በሕዝብ ዘንድ አልነበረም።

ወጣት አንባቢዎቻችን ከዚህ ሰው ሕይወት የሚያገኙት ምንድን ነው? ስሙ እንዲጠራ የሚሠራ ሰው ይኖራል፤ ሥራው እንዲቃና የሚሠራ ሰውም ይኖራል። በየመሥሪያ ቤታችን የጐደለን ሁለተኛው ይመስለናል። ኔትወርክ የለም ብሎ መስኮት መዝጋት ቀላል ነው፤ ገመዱ ነው ወይስ ካርዱ፥ ድራይቨሩ ነው ወይስ አድራሻው ብሎ በተራ መመርመር ግን ትዕግሥትና ጥቂት ንባብ ይጠይቃል። መመሪያው በነጻ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ ቋንቋውም ለሚማረው ሁሉ ክፍት ነው። ማሽኑን የሚያዝዝ እንጂ በማሽኑ የሚታዘዝ ሹም እንዳንሆን መማር የኛ ፋንታ ነው።

በደባርቅ በረንዳ ላይ ያየናቸው ገበሬዎች ዴኒስ ሪቺ የሚባል ሰው መኖሩን አልሰሙም፤ እንዲሰሙም አያስፈልግም። ጉዳያቸው ተፈጽሞ፥ ወረቀታቸውን በኩታቸው ጫፍ ቋጥረው፥ ፀሐይ ሳትጠልቅ የደጋውን መንገድ ይዘው ሲመለሱ አይተናል።