ቤድሮስ ቦያጂያንና የቅርብ እይታ ወሰን

አርመናዊው ፎቶግራፍ አንሺ ቤድሮስ ቦያጂያን አዲስ አበባ የገቡት በ1905 እ.ኤ.አ. ነበር። አራዳ ያን ጊዜ የከተማይቱ ታላቅ ገበያ ነበረች፤ ፒያሳ የሚለው ስም ገና አልተሰማም፤ እርሱ የመጣው ከጣሊያን ወረራ ጋር ነው። ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ ሆኑ፤ ዛሬም የሚታወቁት ባነሷቸው የነገሥታትና የመኳንንት ምስሎች ነው።

ዝናብ ሲያባራ በጓሮ ቅጠል ላይ የሚወጡት ቀንድ አውጣና ጢንዚዛ ግን ለዘመኑ መሣሪያ እጅግ አስቸጋሪ ነበሩ። አንድን ነፍሳት በቁመቱ ልክ ለመቅረጽ ሌንሱን ከመስታወቱ ሰሌዳ በትኩረት ርዝመቱ ሁለት እጥፍ ማራቅ ያሻል፤ ያኔ ሰሌዳው ላይ የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል፣ የማንሻውም ጊዜ አራት እጥፍ ይረዝማል። በዚህ ላይ የክረምቱ ደመና አለ። መስፍን ጸጥ በል ቢባል ምናልባት ይታገሣል፤ ጢንዚዛ አይታገሥም፤ ቅጠሉንም ነፋስ ያወዛውዘዋል። ስለዚህ የድሮዋ አራዳ በምስል የተረፈችልን በሰዎቿ ፊት እንጂ በጓሮዎቿ ፍጥረታት አለመሆኑ የፎቶግራፍ አንሺዎቿ ንቀት ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም።

ቦያጂያን በ1928 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ ሙያውን ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶርኮም ወረሱ።