የፈገግታን ጡንቻ በኤሌክትሪክ የመረመረው ሐኪም፤ የዱሼን ሕይወትና ሥራ

ፈገግታ ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን የማያውቅ ሕዝብ የለም። በከላላ ወይም በመካነ ሰላም ገበያ በሬ የሚገዛ ገበሬ፣ የሻጩን ፈገግታ ከአንገት በላይ ይሁን ከአንጀት የመነጨ ለመለየት የሕክምና ትምህርት አያስፈልገውም። ይሁን እንጂ ልዩነቱ በየትኛው ጡንቻ እንደሚገለጽ በመሣሪያ መርምሮ ለማሳየት የሞከረው ፈረንሳዊው ሐኪም ጊዮም ቤንጃማን አማን ዱሼን ነው። የዚህ ሰው ሥራ የሕክምና ብቻ ሳይሆን የኤሌክትሪክ ሙያ ታሪክም ክፍል ስለ ሆነ፣ ሕይወቱ ባጭሩ ከዚህ እንደሚከተለው ቀርቧል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዱሼን በሰሜን ፈረንሳይ በምትገኘው በወደብ ከተማዋ ቡሎኝ ሱር ሜር በ1806 ተወለደ። ወገኖቹ ከባሕር ጋር የኖሩ ሲሆኑ፣ አባቱም የመርከብ አዛዥ ነበር። ልጁ ግን ከባሕር ይልቅ ሳይንስን መረጠ፤ በፓሪስ ሕክምና ተምሮ በ1831 ተመረቀ። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ የመግነጢስን ኃይል በመለዋወጥ በሽቦ ጥቅል ውስጥ ኤሌክትሪክ መፍጠር እንደሚቻል አረጋገጠ። በዚህ ግኝት ላይ የተመሠረተው መሣሪያ ኋላ የዱሼን ዋና የሥራ ዕቃ ሆነ።

ወጣቱ ሐኪም ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ ሥራ ጀመረ፤ ትዳርም ያዘ። በ1833 ግን ሚስቱ ወንድ ልጅ ከተገላገለች በኋላ በአራስ ቤት ትኩሳት ሞተችበት። ያዋለዳት እርሱ ራሱ ስለ ነበር ሐሜት ተነሣበት፤ ሕፃኑም በሚስቱ ቤተ ሰዎች ዘንድ አደገ። አባትና ልጅም ለብዙ ዓመታት ተለያይተው ኖሩ።

ዱሼን በ1842 ወደ ፓሪስ ተመለሰ። በሆስፒታልም ሆነ በዩኒቨርሲቲ የተሰጠው ሹመት አልነበረም። የኤሌክትሪክ ሣጥኑን ይዞ ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው እየተዘዋወረ፣ ሽባ የሆኑትንና ጡንቻቸው የሰለለውን ሕሙማን ይመረምር ነበር። ከባላገር የመጣው ይህ ሰው ለአንዳንድ የፓሪስ ሐኪሞች መሳቂያ ሆኖ ሳለ፣ እርሱ ግን አንድን ሕመምተኛ ከሆስፒታል ሆስፒታል ተከታትሎ መመርመሩን አልተወም።

ችግሩ የሚከተለው ነበር። ከእርሱ በፊት የነበሩት ሐኪሞች ኤሌክትሪክን ወደ ጡንቻ የሚያደርሱት በመርፌ ቆዳን ወግተው ነበር። ይህም ሕመምተኛውን ከማቁሰሉ በላይ፣ ኃይሉ ወደ ብዙ ጡንቻዎች ስለሚሰራጭ የእያንዳንዱ ድርሻ አይታወቅም። ዱሼን በውኃ የራሱ ሁለት የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያዎችን በቆዳ ላይ ቢጫን፣ ኃይሉ ቆዳውን ሳይጎዳ ከሥሩ ወዳለው ጡንቻ እንደሚደርስ አስተዋለ። የኃይሉን መጠን እያስተካከለና ነጥቡን እየመረጠ፣ አንዱን ጡንቻ ከጎረቤቱ ነጥሎ ለማንቀሳቀስ ቻለ። ይህንንም ዘዴ በ1855 በመጽሐፍ አሳተመ።

ዘዴው እጅግ የረቀቀ ፈተና የገጠመው በፊት ላይ ነው። የእጅና የእግር ጡንቻዎች አጥንትን ከአጥንት ሲያያይዙ፣ የፊት ጡንቻዎች አብዛኞቹ ከአጥንት ተነሥተው ቆዳ ላይ ያበቃሉ። ስለዚህ ጥቂት መኮማተር ብቻ በገጽ ላይ መስመርና እጥፋት ያወጣል። ዱሼን የፊቱ ቆዳ ስሜት ያልነበረው አንድ ሽማግሌ አገኘ፤ ሽማግሌው ኤሌክትሪኩ ስለማያሳምመው ሙከራውን በብዛት የሠራው በእርሱ ላይ ነው። የጡንቻው እንቅስቃሴ ቶሎ የሚያልፍ በመሆኑም፣ ገና አዲስ ጥበብ በነበረው በፎቶግራፍ ቀረጸው። ውጤቱም በ1862 ታተመ።

ከአፍ ጥግ እስከ ጉንጭ አጥንት የተዘረጋው ትልቁ የጉንጭ ጡንቻ ብቻውን ሲነቃ አፍ ይስቃል፤ ዓይን ግን አይስቅም። ፈገግታው ሙሉ የሚሆነው ዓይንን የሚከበው ጡንቻ አብሮ ሲኮማተር ነው፤ ያን ጊዜ ጉንጭ ከፍ ይላል፣ የዓይኑም ጠርዝ ይሸበሸባል። ዱሼን የመጀመሪያው ጡንቻ ለፈቃድ የሚታዘዝ፣ ሁለተኛው ግን በእውነተኛ ደስታ ብቻ የሚንቀሳቀስ ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰ። በዚህ ላይ ከልክ አልፏል፤ የኋላ ዘመን ጥናት ብዙ ሰዎች ሁለተኛውንም ጡንቻ ሆን ብለው ማንቀሳቀስ እንደሚችሉ አሳይቷል። የሁለቱ ፈገግታዎች የአካል ልዩነት ግን ጸንቶ ቆይቷል። ቻርልስ ዳርዊን በ1872 ስለ ሰውና ስለ እንስሳት ስሜት አገላለጽ በጻፈው መጽሐፍ የዱሼንን ፎቶግራፎች ተጠቅሟል።

ዱሼን በ1860ዎቹ የወንድ ሕፃናትን ጡንቻ ቀስ በቀስ የሚያደክመውን፣ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን በሽታ በዝርዝር ገለጸ። ስመ ጥሩው ሐኪም ሻርኮም እንደ መምህሩ ያከብረው ነበር። ልጁ ኤሚል ሐኪም ሆኖ ከአባቱ ጋር ቢገናኝም፣ ከአባቱ ቀድሞ ሞተ። ዱሼንም በ1875 በፓሪስ ዐረፈ።

እርሱ የመረመረው የዓይን ዙሪያ ጡንቻ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በደቡብ ወሎ፣ በደሴ አቅራቢያ የሚገኘው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ነበር። ይህ በሽታ በጉንጭ አጥንት ላይ ከቆዳ ሥር የሚያልፈውን የነርቭ ቅርንጫፍ ሲጎዳ፣ ይኸው ጡንቻ ይሰንፋል። ዓይን አልከደን ይላል፤ ብሌኑ ይደርቃል፤ ሕክምና ካላገኘም ወደ መታወር ይደርሳል። ለዚህ ከተገኙት መፍትሔዎች አንዱ፣ በሌላ ነርቭ የሚታዘዘውን የማኘኪያ ጡንቻ ከፊሉን ወስዶ ከዓይን ሽፋን ጋር ማያያዝ ነው። ሕመምተኛው ጥርሱን ሲነክስ ዓይኑ ይከደናል።

እንዲህ ያለውን ጥገና ለማሰብ፣ የቱ ጡንቻ በየትኛው ነርቭ ታዝዞ ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ሹመት ያልነበረው ዱሼን ዕድሜውን የፈጀው በዚህ ነው፤ ስለ መላው አካል ከመናገሩ በፊት እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ይፈትን ነበር።