ሞሪ አሪኖሪ፦ የጃፓንን ትምህርት ቤት ያቆመው፣ በአገሩ ልጅ ጩቤ የወደቀው ሚኒስትር

ከነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ዘመን ጀምሮ የኛ አገር ምሁር ስለ ሥልጣኔ በተናገረ ቁጥር ጃፓንን ሳያነሣ አያልፍም። ጃፓን በትምህርት ተለወጠች እንላለን። ያንን ትምህርት ቤት ያቆመው ሰው ማን እንደ ነበረና ምን ከፍሎ እንዳለፈ ግን ብዙም ሲነገር አንሰማም። ስለዚህ ዛሬ የሞሪ አሪኖሪን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ልናካፍል ወደድን። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሞሪ በ1847 በደቡብ ጃፓን፣ በሳትሱማ ግዛት፣ ካጎሺማ ከተማ ከሳሙራይ ቤተሰብ ተወለደ። ገና ጎረምሳ ሳለ፣ በ1863፣ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ከተማውን በመድፍ ደበደቡት። የሳትሱማ ሹማምንት ከዚህ የተማሩት ነገር ቢኖር ጠላትን በስድብ ማሸነፍ እንደማይቻል ነው። በዚያን ጊዜ ያለ ፈቃድ ከጃፓን መውጣት በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ነበር። ያም ሆኖ በ1865 ግዛቲቱ 19 ሰዎችን ስማቸውን አስለውጣ በድብቅ ወደ እንግሊዝ ላከች። ሞሪ ከእነዚህ አንዱ ሲሆን ዕድሜው ገና 17 ዓመት ነበር። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማረ። በ1867 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ፣ በኒውዮርክ ግዛት ቶማስ ሌክ ሃሪስ በሚባል ሰባኪ በሚመራ ሃይማኖታዊ ማኅበር ውስጥ በጉልበት ሥራና በጸሎት ኖረ። በ1868 የሾጉኑ አገዛዝ ወድቆ የሜጂ መንግሥት መተከሉ ሲሰማ ወደ አገሩ ተመለሰ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ሞሪ በ1869 ሳሙራዮች ሰይፍ መታጠቅ ይቅርባቸው የሚል ሐሳብ ለመንግሥቱ ሸንጎ አቀረበ። አንድም የሚደግፈው ሳያገኝ ውድቅ ሆነበት፤ ሹመቱንም አጥቶ ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰ። ያው ሐሳብ ግን በ1876 ሕግ ሆኖ ወጣ።

በ1871 በ23 ዓመቱ የጃፓን የመጀመሪያው ነዋሪ መልእክተኛ ሆኖ ዋሽንግተን ገባ። ብዙ ጃፓናውያንን ያስቆጣውን ሐሳቡን ያፈለቀውም እዚያ ነው። በ1872 ለዬል ዩኒቨርሲቲው የቋንቋ ሊቅ ለዊልያም ዊትኒ በጻፈው ደብዳቤ፣ ጃፓን የተቃለለ እንግሊዝኛ ለትምህርትና ለንግድ እንድትቀበል ሐሳብ አቀረበ። አሜሪካዊው ሊቅ ሐሳቡን አልደገፈውም። ከሁሉ የጠነከረው መልስ የመጣው ግን ለንደን ይማር ከነበረ ባባ ታትሱዪ ከሚባል ወጣት ጃፓናዊ ነው። ባባ በ1873 የጃፓንኛ ሰዋስው መጽሐፍ አሳትሞ ቋንቋው ለዕውቀት እንደማያንስ አሳየ። ትምህርት በባዕድ ቋንቋ ከሆነ ባለጸጋውና ድኻው መደማመጥ የማይችሉ ሁለት ሕዝቦች ይሆናሉ ሲልም ተከራከረ። ይህ ክርክር ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ ነውን? አይመስለንም።

ሞሪ በ1873 ተመልሶ ከፉኩዛዋ ዩኪቺና ከሌሎች ምሁራን ጋር ሜይሮኩሻ የተባለውን ማኅበር መሠረተ። በመጽሔታቸው ስለ ሃይማኖት ነፃነት፣ ስለ ሴቶች መብት፣ ስለ መንግሥትና ምሁር ግንኙነት ተከራከሩ። ሞሪ ዕቁባት የማስቀመጥን ልማድ በብዕሩ አወገዘ። በ1875 ራሱ ሲያገባም ፉኩዛዋን ምስክር አድርጎ በውል ተፈራረመ። በዚያው ዓመት መንግሥት ጥብቅ የፕሬስ ሕግ ሲያወጣ መጽሔቱ ተቋረጠ። አንድ ጽሑፍ በሕግ ስም እንዴት እንደሚታፈን እኛ በጋዜጣ ሥራ ያረጀን ሰዎች ለማስረዳት ቃላት አይቸግረንም። በዚሁ 1875 ሞሪ የንግድ ማሠልጠኛ አቋቋመ፤ የዛሬው ሂቶትሱባሺ ዩኒቨርሲቲ ከዚያ የበቀለ ነው።

በቻይናና በእንግሊዝ በዲፕሎማትነት ካገለገለ በኋላ፣ በታኅሣሥ 1885 ኢቶ ሂሮቡሚ የመጀመሪያውን ካቢኔ ሲያዋቅር ሞሪን የትምህርት ሚኒስትር አደረገው። ከንጉሠ ነገሥቱ አጠገብ የነበረው የኮንፊውሺየስ ሊቅ ሞቶዳ ናጋዛኔ ሹመቱን ቢቃወምም አልተሳካለትም። ሞሪ በ1886 ባወጣቸው ድንጋጌዎች የንጉሠ ነገሥቱን ዩኒቨርሲቲ፣ የመምህራን ማሠልጠኛን፣ የመካከለኛና የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን በአንድ ሥርዓት አቆመ። ሕፃናት ለአራት ዓመት እንዲማሩ ግዴታ ሆነ፤ የመማሪያ መጻሕፍትም በሚኒስቴሩ ተመርምረው እንዲጸድቁ ተደረገ።

እዚህ ላይ ነው የሰውዬው ምሥጢር። ያ እንግሊዝኛ ናፋቂ የተባለው ሞሪ፣ ዩኒቨርሲቲውን ለዓለም ዕውቀት ከፍቶ፣ የታችኛውን ትምህርት ቤት ግን ለአገር የሚታዘዝ ዜጋ ማፍሪያ አደረገው። የመምህራን ማሠልጠኛዎቹ ወታደራዊ ልምምድ ገባባቸው፤ መምህሩም ታዛዥነት፣ ወዳጅነትና ግርማ እንዲኖረው ታዘዘ። በሞሪ ዓይን ዓለምን ማወቅና ለአገር መቆም የሚጣሉ ነገሮች አልነበሩም፤ ዓለምን የሚያውቀው ለአገሩ ጥንካሬ ሲል ነው። የአገር ፍቅሩ ግን በኮንፊውሺየስ ትምህርት ላይ እንዲቆም አልፈለገም።

በ1887 ሚኒስትሩ በኢሴ ቤተ መቅደስ ጫማውን ሳያወልቅ ገባ፣ መጋረጃውንም በከዘራው ገለጠ የሚል ወሬ ተነዛ። በየካቲት 11 ቀን 1889፣ ሞሪ ወደ ሕገ መንግሥቱ ማወጃ በዓል ለመሄድ ለብሶ ሲዘጋጅ፣ ይህን ወሬ ያመነ ኒሺኖ ቡንታሮ የተባለ ወጣት ቤቱ ገብቶ በጩቤ ወጋው። ገዳዩን ጠባቂዎች እዚያው ገደሉት። ሞሪ በማግሥቱ በ41 ዓመቱ አረፈ። የሚያሳዝነው ብዙ ሰው ያዘነው ለሟቹ ሳይሆን ለገዳዩ መሆኑ ነው፤ የኒሺኖ መቃብር የአድናቂዎች መሳለሚያ ሆነ። ያን ዕለት የታወጀው ሕገ መንግሥት፣ በ1931 በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ሲያረቁ ምሳሌ የሆናቸው ነው።

ሞሪ በሞተ በዓመቱ፣ በ1890፣ እነ ሞቶዳ ያዘጋጁት የንጉሠ ነገሥቱ የትምህርት አዋጅ ወጣ። ሕፃናት ለአዋጁ ሰገዱ፣ በቃላቸውም አጠኑት። ሞሪ የሠራውን ቤት ተቃዋሚዎቹ ገብተው ኖሩበት፤ ያስለመደውም ወታደራዊ ልምምድ ውሎ አድሮ ለጦረኞች ተመቸ። አዋጁ የተሻረው ከጦርነቱ ሽንፈት በኋላ፣ በ1948 ነው። በ2006 የተሻሻለው የጃፓን የትምህርት ሕግም አገርን መውደድንና ሌሎችን አገሮች ማክበርን በአንድ አንቀጽ አስሮ ሲያስቀምጥ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። የሞሪ ጥያቄ ገና አልተዘጋም ማለት ነው።

እኛ ከዚህ ሕይወት የምንወስደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዓለምን ያየ ሰው አገሩን ከድቷል ብሎ መፍረድ የወሬኞች ሥራ ነው፤ ወሬ ደግሞ ይገድላል። ሁለተኛ፣ ልጆችን ለአገር እናሳድጋለን ብለን ጠያቂነትን ከነጠቅናቸው፣ የምንሠራውን ትምህርት ቤት ነገ ማን እንደሚረከበው አናውቅም። ልጆቻቸውን በሰው አገር የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ቅዳሜና እሑድ ፊደል ሲያስቆጥሩ ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው እንላለን።