የብረት ሠራተኛው ኢልግ

በስዊስ አገር ፍራውንፌልድ በምትባል ከተማ በ1846 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ ተወለደ። አስቀድሞ የብረት ሥራን፥ ኋላም በዙሪክ ከተማ የመሐንዲስነትን ጥበብ ተማረ። በ1871 ዓ.ም. ከሁለት የአገሩ ሠራተኞች ጋር ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ምኒልክ መጣ።

ንጉሡ በመጀመሪያ ያዘዙት ጫማ እንዲሠራ ነበር ይባላል። ኢልግ ጫማ ሰፊ አልነበረም፤ ቢሆንም ሠራ። ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራ ታዘዘ። እርሱም ጠመንጃ ከአውሮፓ ቢገዛ ዋጋው እንደሚረክስ አስረዳ፤ ንጉሡ ግን በእጅ ተሠርቶ ሊያዩ ወደዱ፤ ስለዚህ ሠራ።

ምኒልክ ከተማቸውን ወደ እንጦጦ ተራራ ካዛወሩ በኋላ ኢልግ በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠራ። በዚያን ጊዜ ዕቃ ሁሉ ከወደብ በግመልና በበቅሎ ይመጣ ነበር። ምስማርና ቡሎን በሣጥን አስጭኖ ማምጣት ብዙ ገንዘብና ብዙ ወራት ይፈልጋል። ስለዚህ ምስማሩም ቡሎኑም በእጅ ተሠራ።

ምስማር ለመሥራት ብረቱ በከሰል እሳት ይገባል፤ በወናፍ እየተነፋ እስኪቀላ ይግላል፤ በጉጠት ተይዞም በመስፍ ላይ በመዶሻ ይመታል። ጥርስ ያለው ቡሎን ግን ከዚህ ይልቅ ያስቸግራል። ጥርሱን የሚያወጣው መሣሪያ ከሚቆረጠው ብረት የጠነከረ መሆን አለበትና። መሣሪያውን አግሎ በውኃ መንከር ያጠነክረዋል፤ እንደገና በጥቂቱ ካልሞቀ ግን እንደ ሸክላ ይሰበራል።

በ1886 ዓ.ም. ኢልግ የእንጦጦን ውኃ በቧንቧ ወደ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት አመጣ። ቤተ መንግሥቱ በኮረብታ ላይ ነውና ውኃው ወደ ሸለቆ ወርዶ እንደገና መውጣት ነበረበት። ውኃ ሽቅብ ይሄዳል ብሎ ማመን ለብዙዎች አስቸጋሪ ነበር። ነገር ግን ምንጩ ከቤተ መንግሥቱ ከፍ ስለሚል ውኃው በገዛ ክብደቱ ተገፍቶ ወጣ።

በዚያ ዘመን ብረት የሚሠራ ሰው ቀጥቃጭ፥ ቡዳ እየተባለ ይሰደብ ነበር። በቀጥቃጩ ማረሻ አርሶ እየበሉ እርሱን መናቅ እንግዳ ነገር ነው። አፄ ምኒልክ ግን ጫማና ጠመንጃ የሠራላቸውን ሰው በ1889 ዓ.ም. በሚኒስትር ማዕረግ አማካሪያቸው አደረጉት። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ።

ኢልግ ያን ጊዜ ወደ አገሩ ተመልሶ ነበር፤ በ1908 ዓ.ም. በዙሪክ ሞተ። በ1886 ዓ.ም. ፈቃዱን የተቀበለለት የጂቡቲ ምድር ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው።