ሙዚየሙን ለልጆች እጅ የከፈተው ኦፐንሃይመር

ኦፐንሃይመር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሮበርትን፣ የአቶሚክ ቦምቡን ሰው ነው። እኔ ግን ይበልጥ የማደንቀው ታናሽ ወንድሙን ፍራንክን ነው።

ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1912 ኒውዮርክ ተወለደ። እሱም ፊዚሲስት ሆኖ በቦምቡ ሥራ ተሳትፏል። በ1949 የኮሙኒስት ፓርቲ አባል እንደነበር በኮንግረስ ኮሚቴ ፊት አመነ፤ የሌሎችን ስም ግን አልሰጥም አለ። በዚህ ምክንያት የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሥራውን አጣ፤ ኮሎራዶ ገብቶም ለዓመታት ከብት አረባ።

በኋላ እዚያው አገር ቤት ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሳይንስ ሲያስተምር፣ ቆሻሻ መጣያ ድረስ እየወሰዳቸው ከተጣሉ ማሽኖች መካኒክስና ኤሌክትሪክ ያሳያቸው ነበር። በ1969 ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ኤክስፕሎራቶሪየምን ከፈተ። እዚያ ጎብኚው በተወሰነ መስመር አይነዳም፤ ደስ ያለውን ራሱ እየነካካ ይሞክራል፤ ወጣት ተማሪዎችም ያግዙታል። ፍራንክ በ1985 እስኪሞት ድረስ መራው።

እኛም ታናናሾቻችንን ሳይንስ ሙዚየም ስንወስድ፣ የምናድላቸው ወረቀት ከግድግዳ ጽሑፍ መልስ የሚያስገለብጥ ባይሆን እላለሁ። አንድ ዕቃ ይምረጡ፤ ምን እንደሚሆን ይገምቱ፤ ይሞክሩት፤ አንድ ነገር ቀይረው ይድገሙት። ሦስት ዕቃ ይበቃል፤ ሠላሳውን እያሯሯጥን ማሳየት የለብንም።