በሐዘን ጊዜ ስለሚገባ ተስፋ፤ የክራፕፍ ታሪክ

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ሞት ወደ ቤታችን በገባ ጊዜ ከሁለት ስሕተት በአንዱ ልንወድቅ እንችላለን። አንዳንዱ ሰው ተስፋ እንደሌለው ሆኖ ፊቱን እየነጨ ሥራውን ሁሉ ይተዋል። ሌላው ደግሞ ማልቀስ የእምነት ጕድለት መስሎት ልቡን እንደ ድንጋይ ያደርጋል። ከሁለቱ የሚሻለውን መንገድ ለማወቅ የዮሐንስ ሉድቪግ ክራፕፍን ሕይወት መመልከት ይጠቅማል።

ክራፕፍ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1810 ዓመተ ምሕረት በጀርመን አገር፥ በቱቢንገን ከተማ አጠገብ ባለችው በዴሬንዲንገን መንደር ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። በባዝልና በቱቢንገን ተምሮ የወንጌል መልእክተኛ ሆነ፤ በ1837ም ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ከዓድዋ ከተባረረ በኋላ በ1839 ወደ ሸዋ ገብቶ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር እስከ 1842 ድረስ ተቀመጠ።

በዚያው ዓመት በግብፅ ሮዚና የምትባል ሴት አገባ። ወደ ሸዋ ለመመለስ ቢነሣም መንገዱ ስለ ተዘጋበት በምጥዋ በኩል ወደ ትግራይ ጕዞ ጀመረ። በ1843 በሳሆዎች በረሃ ሲጓዙ ሮዚና ወራቷ ሳይደርስ ሴት ልጅ ወለደች። ክራፕፍም ሕፃኗን አጥምቆ በገዛ ቋንቋችን እንባ ብሎ ሰየማት። ሕፃኗ ብዙ ሳትቈይ ስለ ሞተች በመንገድ ዳር ከዛፍ ሥር ቀበራት። መንገድ መሪዎቹም አንጠብቅም ስላሉ እናቲቱ በወለደች በሦስተኛው ቀን ተነሥታ ሄደች። እንግዲህ ይህ ሰው ሐዘኑን አልሸሸገም፤ የልጁ ስም አደረገው እንጂ። ነገር ግን በዚያው ስም አጠመቃት፤ እንባውንም ልጁንም ለእግዚአብሔር አደራ ሰጠ።

በትግራይም ለመቀመጥ ስላልተፈቀደለት በ1844 ወደ ሞምባሳ ወረደ። በዚያ ሁለት ወር ያህል እንደ ቈዩ ሮዚና ሁለተኛ ሴት ልጅ ወለደች፤ ወዲያውም ንዳድ ጸናባት። ክራፕፍም ራሱ በንዳድ ተይዞ በአጠገቧ ተኝቶ ነበር። እርስዋ ግን በመጨረሻዋ ሰዓት ስለ ዘመዶችዋና ስለዚያ አገር ሕዝብ ጸለየች። መንገደኞች መቃብርዋን አይተው ለምን እንደ መጣች እንዲያስቡ፥ ከሞምባሳ ደሴት ማዶ ባለው ምድር እንድትቀበር ለመነች፤ እንዲሁም ተደረገ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሕፃኗም እናትዋን ተከተለች።

ክራፕፍ ብቻውን ቀረ። ወደ አገሩ ቢመለስ ማን በነቀፈው ነበር? እርሱ ግን ለላኩት ሰዎች በጻፈው ደብዳቤ ያ መቃብር የሥራው መጨረሻ ሳይሆን የመጀመሩ ምልክት መሆኑን አስታወቀ። መጽሐፍ ቅዱስንም ወደ ስዋሂሊ ቋንቋ መተርጐሙን ቀጠለ። በ1846 ሬብማን የሚባል ባልንጀራ መጣለት፤ ሁለቱም በራባይ መንደር የወንጌል ጣቢያ መሠረቱ። ደዌ ወደ ጀርመን ከመለሰው በኋላም ኢትዮጵያን አልረሳም፤ በእርጅናው ዘመን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታርሞ እንዲታተም ደከመ። በኖቬምበር ወር 1881 በኮርንታል ከተማ፥ በአልጋው አጠገብ ለጸሎት እንደ ተንበረከከ ሞቶ ተገኘ። በሕይወቱ ዘመን ብዙ ጊዜ ያየው ሞት በመጣ ጊዜ ከአምላኩ ጋር ሲነጋገር አገኘው።

አንባቢ ሆይ፤ ጌታችን በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አልቅሶአልና የሚያለቅሰውን ሰው አትንቀፈው። ሐዋርያው ጳውሎስም የተሰሎንቄን ክርስቲያኖች ማዘንን አልከለከላቸውም፤ ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እንዳያዝኑ አስተማራቸው እንጂ። በትንሣኤ የሚያምን ሰው ለሟቹ ያለቅሳል፤ ከዚያም ዐይኑን ጠርጎ የተሰጠውን ሥራ ይይዛል። አንተም ከምትወደው ሰው መቃብር ስትመለስ የሚጠብቅህን ሥራ አስብ፤ ያልተጠየቀ በሽተኛ፥ ያልተማረ ልጅ፥ ያልታረቅኸው ወንድም አለና። ሙታንን የሚያስነሣ አምላክ የተቀበረውን አደራ ይጠብቃል፤ አንተም በእጅህ የቀረውን አደራ ጠብቅ።