የእንቁራሪት ቆዳና የጨው ምስጢር፦ የሐንስ ኡሲንግ ሕይወት
ዴንማርካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሐንስ ሄንሪክሰን ኡሲንግ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 1911 በሶሩ ከተማ ተወለዱ። በወጣትነታቸው ወደ ግሪንላንድ ተጉዘው ረቂቅ የባሕር ፍጥረታትን ካጠኑ በኋላ፣ በ1938 በኮፐንሃገን የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ። ከዚያም ዕድሜያቸውን የወሰደው ጥያቄ በኖቤል ተሸላሚው በአውጉስት ክሮግ ቤተ ሙከራ ጠበቃቸው።

እንቁራሪት ጨው እጅግ ባነሰበት ውኃ ውስጥ እየኖረች በቆዳዋ ጨው ትስባለች። ጨው ግን ሁለት ነገር ነው፦ አወንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ሶዲየምና አሉታዊ ሙል ያለው ክሎራይድ። አንዱ ሲያልፍ ሌላው በስበት ስለሚከተለው፣ ቆዳው ጉልበት አውጥቶ የሚያሻግረው የትኛውን እንደሆነ መለየት አዳጋች ነበር።

ኡሲንግ የእንቁራሪት ቆዳ በሁለት ክፍሎች መካከል እንደ ግድግዳ ወጥረው፣ በግራና በቀኝ አንድ ዓይነት የጨው ውኃ ሞሉ። ቆዳው የሚፈጥረውንም የኤሌክትሪክ ግፊት ከውጭ በሚሰጥ ጅረት ዜሮ አደረጉት። በዚህ ሁኔታ በአንድ አቅጣጫ አመዝኖ የሚያልፍ ነገር ካለ፣ ሕዋሳቱ በራሳቸው ጉልበት የሚያሻግሩት መሆን አለበት። ጨረር አመንጪ በሆነ ሶዲየም የገባውንና የወጣውን ለየብቻ ለኩ። በ1951 ከካርል ሴራን ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ የጅረቱ መጠን ከተሻገረው ሶዲየም ጋር እኩል ሆኖ ተገኘ። በዚያ ቆዳ ክሎራይድ ተከታይ እንጂ መሪ አልነበረም።

ያው መሣሪያ ወደ ሌሎች አካላት ሲዞር ግን ክሎራይድ ራሱ መሪ የሚሆንባቸው ቦታዎች ተገኙ። የኮሌራ መርዝ በአንጀት ሕዋሳት ላይ ያሉትን የክሎራይድ በሮች ይከፍታል፤ ክሎራይዱ ሲወጣ ሶዲየምና ውኃ ይከተሉታል፤ ሕመምተኛውም በሰዓታት ውስጥ ይደርቃል። ስኳር ከሶዲየም ጋር አብሮ በአንጀት እንደሚገባ የታየውም በዚሁ መሣሪያ ነው፤ የስኳርና የጨው ውኃ የብዙዎችን ነፍስ የሚያድነው በዚህ ምክንያት ነው። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ በተባለው የዘር በሽታ ደግሞ በሮቹ በአግባቡ ስለማይሠሩ በሳንባ ውስጥ ያለው አክታ ይወፍራል። ለዚህ በሽታ የሚሠሩ መድኃኒቶች በሮቹን መክፈት አለመክፈታቸው፣ ከሕሙማን በተወሰዱ ሕዋሳት ላይ በዚሁ ዘዴ ይመረመራል።

ኡሲንግ 89 ዓመት ሊሞላቸው ስምንት ቀን ሲቀር፣ ዲሴምበር 22 ቀን 2000 አረፉ። መሣሪያው ግን እስከ ዛሬ በስማቸው የኡሲንግ ክፍል እየተባለ ይጠራል።